መስታወት ለቤት ማስዋቢያ፦ የቱን እንግዛ፣ የትስ እናድርገው? (ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋሮቢት ላላችሁ)

መስታወት ቤት እንደሚያሳምር ሁሉም ያውቃል፣ ጣጣው ሱቅ ገብታችሁ ስትቆሙ ነው ሚመጣው። ዙሪያው ወርቃማ ጨረር ያለው አለ፣ በላይት ሚበራው አለ፣ ሰው ሚያህለው አለ፣ ተልጦ ግድግዳ ላይ ሚለጠፈው ፕላስቲኩ አለ፣ ሁሉም ደግሞ እዛ ሱቅ ውስጥ ያምራል ምክንያቱም ሱቁ ራሱ በመብራት የተጥለቀለቀ ነው። ቤት ሲገባ ግን መስታወት የራሱ ሚባል ነገር የለውም፣ ፊቱ ያለውን ነው ሚያሳየው። ስለዚህ ሰው ሲያማክረኝ "ፍሬሙ ምን አይነት ይሁን" ከሚለው በፊት ምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ፊት ለፊቱ ምን አለ? ግድግዳውስ ከምን የተሰራ ነው? እነዚህ ከታወቁ ምርጫው ግማሹ አለቀ።

ደጋ ናችሁ ቆላ?

ሰሜን ሸዋ አንድ አይነት ቤት ያለበት አገር አይደለም። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፣ ጣርማበርን አልፋችሁ ሸዋሮቢት ስትወርዱ ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትደርሳላችሁ፣ አንዱ ጋ ሰው ፀሐይ ይፈልጋል ሌላው ጋ ከፀሐይ ይሸሻል። ኢንተርኔት ላይ ያያችሁት "መስታወት ሁሌ መስኮት ፊት አድርጉ" ሚለው ምክር ለሁለቱም እኩል አይሰራም።

ለደጋው ሰው መስታወት በዋናነት ለብርሃን ነው። ብርዱን ፈርተን መስኮት እናሳንሳለን፣ መጋረጃ እናወፍራለን፣ ክረምት ሲገባ ጉሙ በር ድረስ ይመጣል፣ ሳሎኑ በጠራራ ቀን መብራት ያስበራል። መስታወት ብርሃን አይፈጥርም እሺ፣ በመስኮት የገባውን ተቀብሎ ወደ ሌላ ቦታ ነው ሚልከው፣ ስለዚህ ከመስኮቱ በራቀ ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል፣ ጨለማ ጥግ የተሰቀለ መስታወት መልሶ ጨለማውን ጥግ ነው ሚያሳያችሁ።

ያላችሁ ምርጫ ሁለት ነው። አንደኛው ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ፣ ይሄ ሁለተኛ መስኮት የከፈታችሁ ያስመስለዋል፣ ውጪ ዛፍ ወይ ሰማይ ከታየ በጣም አሪፍ ነው። ግን እውነት እንነጋገር ከተባለ የብዙዎቻችን መስኮት ሚያየው የጎረቤት ቆርቆሮ ነው፣ ፀሐይ ሲያርፍበት አይን ሚወጋው፣ እሱን ሁለት ማድረግ ማን ይፈልጋል? ሁለተኛው ከመስኮቱ ጎን፣ ማለትም መስኮት ካለው ግድግዳ ጋር ማዕዘን ሚሰራው ግድግዳ ላይ፣ መስኮቱን ጠጋ አድርጎ ማድረግ ነው። ይሄኛው ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ሰው የውጪውን እይታ ብዙም አያሳይም፣ ብርሃኑን ግን ወደ ክፍሉ ውስጥ ይገፋዋል። ስለዚህ እይታችሁ ጥሩ ከሆነ ፊት ለፊት፣ ካልሆነ ጎን። የምስራቅ መስኮት ያላችሁ ደግሞ እድለኞች ናችሁ፣ ህዳርና ታህሳስ ላይ ውርጩ ለቀቅ ሲያደርግ ሚገባውን የጠዋት ፀሐይ ቡና ምታፈሉበት ጥግ ድረስ ልትመሩት ትችላላችሁ፣ ማስተካከያው ቀላል ነው፣ ጠዋት ላይ አንድ ሰው መስታወቱን ይዞ ወዲህ ወዲያ ያዘንብለው እናንተ ነጸብራቁ የት እንደወደቀ እዩ፣ ከዛ በኋላ ነው ሚስማር ሚመታው።

ሸዋሮቢትና ወደ አጣዬ ያላችሁ ተቃራኒውን አድርጉ። የከሰዓት ፀሐይ ሚገባበት የምዕራብ መስኮት ፊት መስታወት ካደረጋችሁ ግለቱንም ነጸብራቁንም ተቀብሎ ሶፋችሁ ላይ ይደፋዋል። ኮሪደር ላይ ወይም ጥላ ያለበት ግቢ ሚታይበት ቦታ አድርጉት። ቡናማ ወይም ግራጫ ቀለም ያለው መስታወት ሚያምረውም እዛ ነው፣ ብርሃን ስለሚቀንስ። ደብረ ብርሃን ላይ ያንን ቡናማ መስታወት ሳሎን ውስጥ ማድረግ ግን እኔ አይገባኝም፣ ያለችውን ብርሃን ከፍሎ ማጥፋት ነው።

መንዝ በኩል በድንጋይ የተሰሩ የድሮ ቤቶች ውስጥ ላላችሁ ደግሞ አንድ ምወዳት ዘዴ አለች። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ መስኮቱ ዋሻ ይመስላል፣ ከመስኮቱ ግራና ቀኝ ባለው የግድግዳው ውፍረት ላይ ቀጫጭን መስታወት አስቆርጣችሁ ብታስገጥሙ በዛ ጠባብ ቀዳዳ ሚገባው ብርሃን ድንጋዩ ላይ ከሚቀር ተንጸባርቆ ይገባል። ከክፍሉ ሆናችሁ ስታዩት መስታወቱ ብዙም አይታይም፣ መስኮቱ ሰፋ ያለ ነው ሚመስለው። ወጪው ትንሽ ነው፣ ቁርጥራጭ ራሱ ይበቃል።

ግድግዳው ሚችለው ስንት ነው?

ሰው ሚረሳው ክብደትን ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ አንድ ካሬ ሜትር መስታወት በእያንዳንዱ ሚሊ ውፍረት 2.5 ኪሎ ይመዝናል፣ ስለዚህ ባለ 4 ሚሊው በካሬ 10 ኪሎ፣ ባለ 5 ሚሊው 12.5 ኪሎ ነው። 60 በ120 ሳንቲም የሆነ ባለ 4 ሚሊ መስታወት 7 ኪሎ አለፍ ይላል፣ 1 በ2 ሜትር የሆነ ባለ 5 ሚሊ ደግሞ 25 ኪሎ፣ ይሄ ፍሬሙ ሳይጨመር ነው።

ብሎኬት ቤት ከሆነ ድሪል፣ ፊሸርና ቪቴ ካለ ችግር የለም። ጭቃ ቤት ከሆነ ግን ምርጉ ምንም አይይዝም፣ ሚይዘው ውስጥ ያለው ቋሚ እንጨት ነው፣ ግድግዳውን በጣታችሁ ቆርቆር እያደረጋችሁ ድምጹ ሚለወጥበትን ፈልጉና እዛ ላይ ብቻ ምቱ፣ እሱም ቢሆን ትንንሽ መስታወት ነው ምመክረው፣ ትልቁን መሬት አስቁሙት። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ክርክሩ ከግድግዳው ጋር ሳይሆን ከአከራይ ጋር ነው፣ አንድ ሚስማር ለመምታት ሶስት ጊዜ ከመለመን ሚደገፍ መስታወት መግዛት ይቀላል።

ሚደገፍ ወይስ ሚሰቀል?

አብዛኛው ሰው ራሱን ሙሉ ለማየት ራሱን ሚያህል መስታወት ያስፈልጋል ብሎ ነው ሚያስበው፣ አያስፈልግም። ግድግዳ ላይ ቀጥ ብሎ በተሰቀለ መስታወት ከአናት እስከ ጫማ ለመታየት ሚበቃው የቁመታችሁ ግማሽ ነው፣ ቀረባችሁም ራቃችሁም ያው ነው። 1.70 ከሆናችሁ 85 ሳንቲም ይበቃል ማለት ነው፣ ከላይ ያለው ጠርዝ በአይናችሁና በአናታችሁ መሃል ላይ መዋል አለበት፣ ከታች ያለው ደግሞ ከመሬት የአይናችሁን ከፍታ ግማሽ ላይ። ለቤተሰብ ከሆነ ረጅሙንና አጭሩን ሰው ያዙ፣ ለምሳሌ 1.80 የሆነ አባትና 1.20 የሆነች ልጅ ካሉ ከመሬት ከ55 ሳንቲም እስከ 1.75 ድረስ ሚሸፍን 120 ሳንቲም መስታወት ሁሉንም ያሳያል። ከዚህ ውጪ ምትከፍሉት ለዲኮር ነው፣ ለመታየት አይደለም።

ሚሰቀለው እንግዲህ በትንሽ ሳይዝ ስራውን ይሰራል፣ ወለሉን አይዝም። ሚደገፈው ደግሞ ቤት ስትቀይሩ አብሯችሁ ይሄዳል፣ ግድግዳ አያበላሽም፣ ትንሽ ስለሚያዘነብል ብርሃኑን ወደ ኮርኒሱ ይልከዋል፣ ኮርኒሱ ነጭ ከሆነ ክፍሉ በሙሉ ፈካ ይላል። በጣም ካዘነበለ ግን ኮርኒሱንና አምፖሉን ብቻ ነው ምታዩት። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለደብረ ብርሃን ሳሎን አንድ ትልቅ ተደጋፊ ከማንኛውም ጌጣጌጥ መስታወት ይሻላል፣ አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው፣ አናቱ በሽቦ ወይም በማሰሪያ ከግድግዳው ጋር መያያዝ አለበት፣ ከታችም እንዳይንሸራተት ጎማ ይደረግበት። ሚድህና ሚንጠላጠል ልጅ ያለበት ቤት፣ ግድግዳችሁ ደግሞ ማሰሪያ ሚይዝ ካልሆነ፣ ሚደገፈውን ተውት፣ 25 ኪሎ ብርጭቆ ነው።

አንድ ትልቅ ወይስ ብዙ ትንንሽ?

ትልቁ ክፍል ያሰፋል፣ ትንንሾቹ ግድግዳ ያስውባሉ፣ ስራቸው ይለያያል። ጠባብ ሰርቪስ ቤት ውስጥ አስር ትንንሽ ክብ መስታወት መለጠፍ ክፍሉን ቁርጥርጥ ነው ሚያደርገው፣ በእያንዳንዱ ውስጥ የሆነ የሆነ ነገር ግማሹ ይታያል፣ ያደክማል። ትንንሾቹ ሚያምሩት ኮሪደር ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ ወይም ከቤተሰብ ፎቶዎች መሃል ሲገቡ ነው፣ ፎቶ፣ መስታወት፣ ፎቶ እያላችሁ። ሰብሰብ አድርጋችሁ ስቀሉ፣ ከመስቀላችሁ በፊት ወለል ላይ ደርድራችሁ እዩት። ወደ ውጪ ያበጠ ክብ መስታወትም አለ፣ የመኪና ጎን ላይ እንዳለው ሁሉን አሳንሶ ሰፊ ቦታ ሚያሳይ፣ አንዱን ብቻ መግቢያ በር አካባቢ ብታደርጉት ሳሎኑ በሙሉ ውስጡ ይገባል፣ ጸጉር ለማበጠር ግን አይሆንም። ፊት አጉልቶ ሚያሳየውን ወደ ውስጥ የጎደጎደውን ደግሞ መስኮት ደፍ ላይ አትተዉት፣ ፀሐይን አንድ ነጥብ ላይ ሰብስቦ መጋረጃ ማቃጠል ይችላል።

የተዘጋጀ መግዛት ወይስ አስቆርጦ ማሰራት?

እዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው፣ ቢያንስ ቢያንስ ለትልቁ መስታወት ማስቆረጥ ይሻላል። ከተማችሁ ካለ መስታወት ቆራጭ በፈለጋችሁት ሳይዝ ታስቆርጣላችሁ፣ እንጨት ሰሪ ጋ ፍሬሙን ታሰራላችሁ፣ ግድግዳችሁን ለክቶ የተሰራ ነገር ታገኛላችሁ። ተዘጋጅቶ ሚመጣው ብዙ ጊዜ ፍሬሙ ያምርና መስታወቱ ስስ ይሆናል፣ ባለ 3 ሚሊ መስታወት በትልቅ ሳይዝ ትንሽ ይለምጥና ፊታችሁን ያረዝመዋል ወይ ያወፍረዋል። ለትንሽ ክብ 3 ሚሊ ይበቃል፣ ለመካከለኛ 4፣ ሰው ለሚያህለው 5 ወይ 6 በሉ።

ስትገዙ እንዲህ ፈትኑ። ሶስት ሜትር ያህል ራቅ በሉና መስታወቱ ውስጥ የበር መቃን ወይም የሆነ ቀጥ ያለ መስመር እያያችሁ ጭንቅላታችሁን ወዲህ ወዲያ አድርጉ፣ መስመሩ ሚወዛወዝ ከሆነ አትግዙት። የእስክሪብቶ ጫፍ አስነክታችሁ በጫፉና በምስሉ መሃል ያለውን ክፍተት እዩ፣ ሰፋ ያለ ክፍተት ያለው ወፍራሙ ነው፣ ሻጩ "ስድስት ሚሊ ነው" ያላችሁንና አራት ሚሊውን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ብትሞክሩ ወዲያው ይለያል። ከዛ ጠርዙን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ከጀመረ ነገሩ አልቋል።

ነጠብጣቡ ለምን ይመጣል መሰላችሁ፣ መስታወት ማለት ብርጭቆ ሆኖ ጀርባው ላይ በጣም ስስ ብር የተቀባ ነው፣ ይሄን በኬሚካል ብር የመቀባት ዘዴ ያገኘው ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢሽ ነው፣ በ1835 እ.ኤ.አ.። ብሩ ላይ መከላከያ ቀለም ይደረባል፣ የተቆረጠው ጠርዝ ጋ ግን እርጥበት ሾልኮ ይገባና ብሩን ያጠቁረዋል። ለዛ ነው ካስቆረጣችሁ በኋላ ጠርዙን አስሞርዱ፣ ከጀርባ በኩል ዳር ዳሩን ቀለም ወይ ቫርኒሽ አስቀቡት ምላችሁ።

ስለ ፍሬም ካነሳን፣ ከውጪ ከሚመጣው ባለ ጨረር ፕላስቲክ ይልቅ የኛው ስፌት መቶ እጥፍ ያምራል። በአክርማና በስንደዶ የተሰፋ ሰፌድ ውሰዱ፣ መሃሉ ላይ 30 ሳንቲም ስፋት ያለው ባለ 3 ሚሊ ክብ መስታወት አስገቡ፣ መስታወቱ ግማሽ ኪሎ ብቻ ስለሆነ ሰፌዱ ይችለዋል፣ ከጀርባው ጠንካራ ክር ሰፍታችሁ ስቀሉት። ቀለሙን ከመሶቡ ጋር ካመሳሰላችሁት ቡና ሚፈላበት ጥግ በቃ ሌላ ዲኮር አይፈልግም። ሌላው የፈረሰ ቤት መስኮት ነው፣ አሮጌው እንጨት በየካሬው ያለው ብርጭቆ ወጥቶ በመስታወት ሲተካ ግድግዳ ላይ መስኮት ያለ ይመስላል፣ ጭቃ ቤት ላይ ግን ክብደቱን አስቡ።

ፕላስቲኩስ?

ሚለጠፈው የአክሪሊክ መስታወት ክብደቱ ከብርጭቆው ግማሽ በታች ነው፣ በቀላሉ አይሰበርም፣ የልጆች ክፍል ውስጥና ጭቃ ግድግዳ ላይ ያዋጣል። ግን ቶሎ ይጫጫራል፣ ግድግዳው ትንሽ ወጣ ገባ ካለ ምስሉ ይጣመማል፣ ስትልጡትም ቀለሙን ይዞ ነው ሚመጣው። ለጌጥ እንጂ ለመታያ አትግዙት።

የቁምሳጥን በር ላይ ያለው

ቁምሳጥን ልታሰሩ ከሆነ በሩን መስታወት ማድረግ ለጠባብ መኝታ ቤት ካሉት ምርጫዎች ሁሉ ይበልጣል፣ ቦታ አይወስድም፣ ሙሉ ቁመት ያሳያል። ከጀርባው ሚለጠፍ ፕላስቲክ እንዲደረግበት ጠይቁ፣ ቢሰበር ስብርባሪውን እዛው ይዞት ይቀራል። ከአልጋው ሆናችሁ ራሳችሁን ማየት ካልወደዳችሁ ደግሞ አንዱን በር ብቻ መስታወት አድርጉ።

መታጠቢያ ቤት፦ ባለ ላይቱ ወይስ ተራው?

ባለ ላይቱ ፊትን እኩል ያበራል፣ ለመኳኳልም ለመላጨትም ምቹ ነው፣ አንዳንዱ ከጀርባው ማሞቂያ ስላለው ጉም አይዝም፣ በደብረ ብርሃን ብርድ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ብርጭቆው ቀዝቃዛ ስለሆነ ሙቅ ውሃ ስትከፍቱ ወዲያው ይሸፈናል። ግን መብራት ከሌለ ተራ መስታወት ነው፣ ላይቱ ሲቃጠል ደግሞ ሚጠግነው ሰው ማግኘት ሌላ ጣጣ። ተራውን ገዝታችሁ ከሁለቱም ጎን በፊት ከፍታ ሁለት አምፖል ብታስገጥሙ ተመሳሳይ ብርሃን ታገኛላችሁ፣ አምፖሉ ሲቃጠል ከሱቅ ገዝቶ መቀየር ነው። ለጉሙ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ቀብታችሁ በደረቅ ጨርቅ እስኪጠራ ጥረጉት፣ ለተወሰነ ጊዜ ይከላከላል። እኔ ተራውን ነው ምመርጠው።

መብራት ሲጠፋ ሳሎን ውስጥ ያለው መስታወትም ይጠቅማል፣ ሻማውን ወይም ሚሞላውን ላምፓ መስታወት ፊት ስታደርጉት ወደ ግድግዳው ሄዶ ሚቀረው ብርሃን ወደናንተ ይመለሳል። ሻማውን በጣም አታስጠጉት እንጂ። የከሰል ማንደጃም እንደዛው፣ አንድ ጎኑ ብቻ ሲግል ብርጭቆ ይሰነጠቃል።

ስትገጥሙ

በሲሊኮን ምትለጥፉ ከሆነ አፉን ስትከፍቱት አቼቶ አቼቶ ሚሸተውን አትጠቀሙ፣ አሲዱ የጀርባውን ቀለምና ብሩን ይበላዋል። ኒውትራል ሲሊኮን ስጡኝ በሉ፣ ከላይ ወደ ታች መስመር መስመር አድርጋችሁ ቀቡት፣ ሙሉ አትሸፍኑት። ከውጪ ብርድ ሚመታው ግድግዳ ላይ ከሆነ ደግሞ ከጀርባው ትንንሽ ጎማ አድርጋችሁ ጥቂት ሚሊ ክፍተት ተዉለት፣ አየር ካልገባ ጠሉ እዛው ይቀመጣል። ስታጸዱም ውሃውን ጨርቁ ላይ እንጂ መስታወቱ ላይ አትርጩ፣ ወርዶ የታችኛው ጠርዝ ውስጥ ይገባል። እጣን ምታጨሱ ሰዎች ላዩ ላይ ሚቀመጠውን ጭጋግ በለብ ያለ ውሃና በጥቂት አቼቶ ታነሱታላችሁ፣ ከፊት በኩል ችግር የለውም።

ማጓጓዝ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ መንገዱ ለመስታወት አይከፋም፣ ከዛ በኋላ ግን ጣርማበርን አልፎ ደብረ ሲና እስኪደረስ ጠመዝማዛው ቀልድ አይደለም። መስታወት ተኝቶ አይጫንም፣ በጠርዙ ቆሞ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ግራና ቀኙ እንዳይንቀሳቀስ ታስሮ ነው ሚሄደው። ወደ ሸዋሮቢት ምትወስዱት ከአንድ ሜትር በላይ ከሆነ ፍሬሙን ብቻ ደብረ ብርሃን እንጨት ሰሪ ጋ አሰርታችሁ ውሰዱና መስታወቱን እዛው ወርዳችሁ አስቆርጡ፣ ቆራጩ ጋ ስትሄዱ ፍሬሙን ይዛችሁ ሂዱ፣ ከፍሬሙ የውስጥ ልክ በየጎኑ ሁለት ሚሊ ያህል ቀንሶ ይቁረጠው፣ እንጨቱ በእርጥበት ሲያብጥ ብርጭቆውን እንዳይጨምቀው።